ምዕራፍ 4፦ ቡናው እስኪደርስ

ስለ ጅማ የሚወራው ሁሉ ስለ ልምላሜዋ ነው። ዝናቡ አይጠፋም፣ አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከገራ እስከ ሸቤ ያለው ኮረብታ በጥላ ዛፍ ሥር በበቀለ ቡና ተሸፍኗል። የጎማ ወረዳ ሰው ለእንግዳ ጮጬን «ቡና የተገኘው እዚህ ነው» ብሎ ያሳያል። በአገራችን ታሪክ ረኃብ ሲነሣ የሚጠራው ወሎና ትግራይ ነው፤ ጅማን ማንም አያነሣም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በዚህ ምድር ቤት ለቤት እየዞሩ «ባለፈው ወር ምግብ ያልቅብናል ብላችሁ ሰግታችሁ ነበር?» ብለው መጠየቃቸው ለሰሚው ግር ይላል። ቀጥለው ደግሞ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ልቅሶ ይጠይቃሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች ምን አገናኛቸው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት የቡና ገበሬን ዓመት ማወቅ ይቀድማል። ቡና የካቲትና መጋቢት አካባቢ በበልጉ ዝናብ ያብባል። ፍሬው ቀልቶ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ገንዘብ የሚገባው ያኔ ነው፤ ቆርቆሮ የሚቀየረው፣ ሰርግ የሚደገሰው፣ ዕዳ የሚከፈለው ያኔ ነው። የቀረው ዓመት ያቺን ገንዘብ ማብቃቃት ነው። ሰኔ ሲገባ የአምናው በቆሎ አልቋል፤ የዘንድሮው እሸት የሚደርሰው ነሐሴ ላይ ነው፤ በመካከሉ ገበያ ላይ ያለው እህል ይወደዳል። ጎደሬና ጎመን ያሻግራሉ። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፣ ቡናው ግን ገና አረንጓዴ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጨንቀው ሰው ዛፍ ላይ ያለውን ቡና ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ ይሸጣል። ጥቅምት ላይ ቤተሰቡ ወጥቶ የሚለቅመው እንግዲህ አስቀድሞ የተበላ ገንዘብ ነው።

ይህ በደህናው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ከፈረሰ ወዲህ ደህናና ክፉ ዓመት የሚለየው ዝናቡ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 ኒውዮርክ ላይ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ፤ በ30 ዓመት ውስጥ ያልታየ ውድቀት ነበር። የአጋሮ ገበሬ ባላየው ገበያ፣ ባልሰማው ምክንያት የዓመት ልፋቱ ከግማሽ በታች ዋጋ ወጣለት። አንዳንዱ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ።

ለቡናው ሕመም ተመራማሪ የተመደበለት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አወጣ፤ 74110 እና 74112 የሚባሉትን ዛሬም ገበሬው በቁጥራቸው ይጠራቸዋል። የቡና አብቃዩን ጭንቀት በቁጥር የመያዙ ነገር ዘገየ። ጭራሽ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ሮበርት ጊል የተባለ ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ሲያስተምር ከባልደረባው ከፋን ሎይክ ጋር ወደ ገጠር እየወጣ ጥናት ያደርግ ነበር፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ የገጠር መንደር ስላዩት የአእምሮ ሕመም የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1970 ታትሟል። ከዚያ በኋላ በቡናው አገር ረጅም ዝምታ ነበር።

ዝምታው የተሰበረው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት ሲወለድ ተማሪን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ የማስተማር ልማድ ይዞ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰኮሩን፣ ኦሞ ናዳን፣ ጢሮ አፈታንና ቀርሳን በሚያዋስነው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዙሪያ የመስክ ምርምር ማዕከል አቋቋመ። በማዕከሉ ቀበሌዎች የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ የሚገባውና የሚወጣው ሰው ይመዘገባል። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሌላ ሰፊ ጥናት ተጀመረ። በጅማ ከተማ፣ በዙሪያዋ ባሉ ትንንሽ ከተሞችና በገጠር ያሉ ቤተሰቦችን፣ በተለይም ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን በየጊዜው እየተመለሰ የሚጠይቅ ጥናት ነበር። ከጅማ ተፈራ በላቸው፣ ከአሜሪካ ደግሞ ዴኒስ ሆጋን፣ ዴቪድ ሊንድስትሮምና አንትሮፖሎጂስቱ ክሬግ ሃድሊ ስማቸው ከዚህ ሥራ ጋር ይነሣል።

ሃድሊና ባልደረቦቹ በግልገል ጊቤ አካባቢ 902 አዋቂዎችን ጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። የምግብ ዋስትና ያጣ ሰው የድባቴ፣ የጭንቀትና የአሰቃቂ ገጠመኝ ጠባሳ ምልክቶች በርትተው ይታዩበታል፤ ሰውየው የደረሰበት ሌላ መከራ ተቆጥሮ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላም ዝምድናው አልጠፋም። ከዓመታት በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲው ሙሉሰው ገርባባና ባልደረቦቹ ነፍሰ ጡሮችን ሲጠይቁ ከአምስቱ ከአንዷ በላይ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት አገኙባቸው፤ እዚያም የምግብ ዋስትና እጦት ከጭንቀቱ ጋር ጠብቆ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከረጅሙ የቤተሰብ ጥናት በተወሰዱ 1,521 ወጣቶች ላይ ያደረጉት ሥራም ወደዚያው ያመራል፤ ከአሥሩ ሦስቱ ገደማ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች ነበሩባቸው።

እነዚህ ቁጥሮች እንዴት እንደሚገኙ ካላየን ወይ አብዝተን እናምናቸዋለን፣ ወይ አብዝተን እንጠራጠራቸዋለን። በጣም የተለመደው መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ያሰራጨው 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። ጠያቂዋ ብዙ ጊዜ ወጣት ናት። ባለቤቲቱን «እናቴ» ብላ፣ የቀረበላትን በርጩማ ስባ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ትጀምራለች እንበል። ባለፈው አንድ ወር ራስ ምታት ነበረብዎት? እንቅልፍ እምቢ ይልዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ከወትሮው አብዝተው ያለቅሳሉ? የዕለት ሥራዎ ያታክትዎታል? መኖር ያስጠላዎታል? «አዎ» ያሉት ተደምሮ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሴትየዋ «የአእምሮ ጭንቀት ያለባት» ተብላ ትቆጠራለች። በሽተኛ ተብላ አይደለም። ይህን ልዩነት ጋዜጣ ሁልጊዜ ይስተዋል፤ መጠይቁ ያጣራል እንጂ ሐኪም የሚሰጠውን ፍርድ አይሰጥም።

የዚህ መጠይቅ ችግር በአገራችን ቀድሞ ታውቋል። ፍራንክ ኮርትማን የተባለ ሌላ ሆላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ኢትዮጵያውያን ተጠያቂዎች ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው መንገድ ላይረዱት እንደሚችሉ፣ የሚመልሱትም ለራሳቸው ምክንያት እንደሆነ አሳየ። በእርግጥም መዝገብ ይዞ ቤቷ ለገባ ሰው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» የምትል እናት ምን ትጠቀማለች? ዕርዳታ ይመጣ ይሆናል። በሌላ በኩል ባል በጓዳ ሆኖ እየሰማ «አዎ፣ አለቅሳለሁ» ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ስሕተቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ስለዚህ የአንድ ጥናት መቶኛ ላይ ብዙ አልደገፍም።

ሌላም ስውር ችግር አለ። የምግብ ዋስትናን ለመለካት የሚሠራበት የ9 ጥያቄ መጠይቅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምግብ ያልቅብናል ብለው ተጨንቀዋል?» የሚል ነው። እንግዲህ ጭንቀት በጭንቀት ተለክቶ ዝምድና ተገኘ ማለት ምን ያስደንቃል? መልሱ በተከታዮቹ ጥያቄዎች ላይ ነው። መጠይቁ ከስጋት ተነሥቶ ምግብ ወደ መቀነስ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ወደ መዋል ይወርዳል። ደግሞም የዚህን መጠይቅ ዋና ዕውቀት ያየሁት እዚሁ ላይ ነው፦ የምግብ እጦት የሚጎዳው ሆድ ባዶ ሲሆን ብቻ አይደለም። ገና እህል እያለ፣ ስንት ቀን እንደሚያደርስ በሚሰላበት ሌሊት ጉዳቱ ጀምሯል። ያን ስሌት የምትሠራው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እናት ናት።

«ወይስ የተጨነቀ ሰው መሥራት ስለሚያቅተው ነው ቤቱ የሚራበው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የተደረገ መጠይቅ የትኛው እንደቀደመ አይናገርም። ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ የአንድ ቀበሌ ጎተራ ሁሉ የሚጎድለው የቀበሌው ሰው ሁሉ ቀድሞ ስለተከዘ አይደለም።

ከጅማ ጥናቶች ሁሉ እኔን ይበልጥ የያዘኝ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ታዳጊዎች የወጣው ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ግምት አዋቂዎች ልጆችን ከረኃብ ይከልላሉ የሚል ነበር፤ እናት ሳትበላ ታድራለች እንጂ ልጅ ጦሙን አያድርም። አጥኚዎቹ የቤቱን ኃላፊ ብቻ ጠይቀው አልተመለሱም። ከ2,000 በላይ ወንድና ሴት ታዳጊዎችን ለየብቻ ጠየቁ። ወንዱም ሴቷም በተቸገረ ቤት የመኖር ዕድላቸው እኩል ነው፤ ልጅ ቤት መርጦ አይወለድምና። ሆኖም «ለእኔ ምግብ ጎድሎብኛል» በማለት ሴቶቹ በለጡ። ልዩነቱ የሰፋው ደግሞ በጣም በተቸገሩት ቤቶች ነው። ቤቱ ደህና ሳለ እህትና ወንድም ተቀራራቢ ይበላሉ፤ ቤቱ ሲጨንቀው ግን የመጀመሪያዋ ተቀናሽ እሷ ናት። ምግብ የጎደለባቸው ልጆች ሕመምና ድካም ያበዛሉ፤ ተፈራ በላቸውና ባልደረቦቹ በኋላ እንዳሳዩት ከትምህርት ቤትም ይቀራሉ።

ይህን ማንም አባት ተቀምጦ አልወሰነም። በገበታው ሥርዓት ውስጥ ያለ ነው። እንግዳና አባወራ ይቀድማል፣ ወንዶች ልጆች ይከተላሉ፣ ከወጥ ቤት የማይወጡት እናትና ሴት ልጅ የቀረውን ይካፈላሉ። ሲበዛ ሥርዓቱ አይታወቅም፣ ሲያንስ ይታወቃል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብም ይኸው ነው፦ በአንድ ቤት ውስጥ ጭንቀት የሚከፋፈለው ምግቡ በተከፋፈለበት መንገድ ነው፤ ያነሰ የደረሰው የበዛውን ይሸከማል። «ስንት ሰው ይጨነቃል?» የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን ወደ ተነጣጠሉ ግለሰቦች ይበትነዋል። በጅማ የተገኘውን ዕውቀት የወለደው ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ሰዎችን አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ስለ ቤተሰብ ጭንቀት ዓለም የሚያውቀው ብዙው ነገር ከሌላ ገበሬ አገር የመጣ ነው። ግሌን ኤልደር የተባለ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ያደጉ ልጆችን መዝገብ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1974 መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የእርሻ ቀውስ መጣ፤ የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ ዕዳ ያለበት ገበሬ እርሻውን አጣ። ራንድ ኮንገር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በአይዋ ግዛት 451 ቤተሰቦችን ተከታተለ። ያገኘው ሰንሰለት ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ገንዘብ ማጣት በቀጥታ ልጁ ላይ አይደርስም። መጀመሪያ ወላጆቹን ያስከፋል፤ የከፋቸው ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ የተጣሉ ወላጆች ልጅ ላይ ይጨክናሉ ወይም ልጁን ይረሱታል፤ ልጁ የሚታመመው በዚህ በኩል ነው። ድህነቱ ሳይለወጥ ባልና ሚስት ከተደጋገፉ ሰንሰለቱ መካከል ላይ ይበጠሳል።

የአይዋን ሰንሰለት አምጥቶ አጋሮ ላይ መዘርጋት ግን አይቻልም። የአይዋ ቤት ባልና ሚስትና ልጆቻቸው ናቸው፤ በራቸውን ዘግተው ይጣላሉ። የጅማ ገጠር ቤት ውስጥ አማት አለች፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ አለ፣ አንዳንዴም ሁለተኛ ሚስት በሌላ ጎጆ አለች። ቤቱ ሲጨንቀው ሰውን ራሱን ወደ ሌላ ቤት ያዛውራል። ሴት ልጅ ጅማ ከተማ ዘመድ ጋር ወይም ሰው ቤት እንድትሠራ ትላካለች። ከዚያም አልፎ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ የጅማ ዞን ወረዳዎች ከዋነኞቹ ላኪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ የተመለሰችው ልጅ ይዛ የመጣችው የራሷን ሕመም ብቻ አልነበረም። ለጉዞዋ የተበደረው ቤተሰብ ዕዳም ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር። ማዕዱ ላይ የተቀነሰችው ልጅ የቤቱን ዕዳ ክፈይ ተብላ ባሕር ማዶ የምትላከው እሷው ናት።

ወንዶቹስ? በእነዚህ መጠይቆች ወንዶች ብዙ ጊዜ ከሴቶች ያነሰ ነጥብ ያገኛሉ። ከዚህ ተነሥቶ ወንዱ አይጨነቅም ማለት ግን መጠይቁ ስለ ልቅሶ እንጂ ስለ ጫት እንደማይጠይቅ መርሳት ነው። ጅማ ላይ ከቀትር በኋላ የጫት ቤቱን ብዛት ያየ ወንዱ ጭንቀቱን የት ይዞት እንደሚሄድ ይገባዋል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማርቆስ ተስፋዬና የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ በግልገል ጊቤ አካባቢ ከ1,000 በላይ ወንዶችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ አሰቃቂ ገጠመኝ ያለፈባቸውና ጫት የሚቅሙ ሰዎች ከእውነታ የመራቅ ምልክቶች ይበልጥ እንደሚታዩባቸው አሳይተዋል። ጫቱ ብቻውን፣ ገጠመኙም ብቻውን ያን ያህል አያደርሱም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ለጫት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከዚያው ከሚጎድለው ጎተራ ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ፤ አሁን የምናወራው ስለሚጠጣው ነው። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን ለንደን ውስጥ ካምበርዌል በሚባል ሠፈር ሴቶችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ አንዲት ሴት መከራ ሲደርስባት ድባቴ ውስጥ እንዳትገባ ከሚከልላት ነገር አንዱ ምሥጢሯን የምታካፍለው የቅርብ ሰው መኖሩ እንደሆነ ጽፈዋል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጎረቤት ቡና ጠርቶ፣ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪያልቅ ተቀምጦ የሚያወራው ምን ሊያደርግ ነው? የልጅ አመል፣ የባል ቁጣ፣ የአማት ነገር የሚፈታው እዚያ ነው። በዚህ አልጠራጠርም። እድር ሐዘንን እንደሚሸከም የቡና ማኅበርም የዕለት ጭንቀትን ይሸከማል።

ግን አንድ ጭንቀት አለ ቡና ላይ የማይነገር፤ እሱም የቤት ባዶነት ነው። ቡና ተራ አለው። ዛሬ ጎረቤት ጋ የጠጣ ነገ እሱም ይጠራል፤ ለቡና ቁርስ ቆሎ ወይም ንፍሮ ወይም ዳቦ ያስፈልጋል፤ ስኳር ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ ተራዋ የደረሰና እጇ ላይ ምንም የሌለ ሴት «ዛሬ ራሴን አሞኛል» ትላለች። ውሸት አይደለም፤ ራሷን አሟታል። በሁለተኛው ሳምንት ሲጠሯትም መሄድ ታፍራለች። ከሁሉ ይበልጥ ሰው በሚያስፈልጋት ወር ከሰው ትርቃለች ማለት ነው። የምግብ ዋስትና መጠይቅ ስንት ጊዜ ሳትበላ እንዳደረች ይቆጥራል፤ ስንት ጊዜ ቡና ሳትጠራ እንደቀረች የሚቆጥር ጥያቄ ቢጨመርበት ደስ ይለኝ ነበር። በደቡብ ጎንደር ስለ ውኃ እጦት የተደረገ ጥናት ይህን መንገድ አሳይቷል። ኤድዋርድ ስቲቨንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 መጀመሪያ ሴቶቹን ስለ ውኃ ምን እንደሚያስጨንቃቸው አስወርተው፣ ከወሬው መጠይቅ ሠርተው ሲለኩ፣ የሴቶቹን ጭንቀት የተነበየው ራሳቸው በተናገሩት የተሠራው መለኪያ ነበር። የምንጩ ርቀት በደቂቃ ቢቆጠርም የጨመረው ነገር አልነበረም።

የወቅቱን ነገር ሌላ አገርም አይተውታል። ሕንድ ውስጥ፣ ታሚል ናዱ ላይ፣ አናንዲ ማኒና ባልደረቦቿ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመኸር በፊትና በኋላ ፈተኗቸው። ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ያው ሰው የማሰብ ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ብዙ አነጋግሯል፣ ክርክርም ተነሥቶበታል። የጅማ ቡና ገበሬ በዓመት አንዴ ገንዘብ በማየት ከእነሱ አይለይም። ስለዚህ ጥያቄው በመስከረም ወይስ በጥር እንደተጠየቀ ሳይገልጽ ስለ ጅማ ጭንቀት የሚያወራ ቁጥር ጎዶሎ ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን እንደ ስሌት አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ኬኔዝ ሜይስና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ የኤችአይቪ ሕመምተኞችን በነፃ የሚንከባከቡ 110 በጎ ፈቃደኞችን በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ድሆች ነበሩ፤ ምግብ ያጡትም ይበልጥ ይጨነቁ ነበር። ሆኖም ዋጋው ሲብስ የተናገሩት ችግርም ጭንቀትም አልባሰም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ተገረሙ። ቡታጅራ ላይ ቻርሎት ሃንሎን፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ1,000 በላይ እናቶችን ከእርግዝና ጀምረው ሲከታተሉም ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው። የእናት ጭንቀት ከረጅም ምጥ፣ ከጡት ማጥባት መዘግየትና ከሕፃኑ ተቅማጥ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ በሌሎች አገሮች እንደታየው የሕፃኑን እድገት ያቀጭጫል የተባለው ግን እዚያ አልታየም። ምናልባት አያት ወይም ታላቅ እህት ሕፃኑን ስለያዘችው ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ስለ እህቲቱም መጠየቅ ነበረበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕክምናው በጥቂቱ ተጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ያሠለጥናል። ሆኖም ነሐሴ ላይ እንቅልፍ ላጣች የጅማ እናት መፍትሔው በመጀመሪያ ክኒን አይደለም። ዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሥራ ለእኛ ይቀርባል። በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የሠለጠኑ አሮጊቶች ተቀምጠው ሰውን ያነጋግራሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው እንዴት እንደሚፈታ አብረው ያቅዳሉ። 573 ሰዎች የተካተቱበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ጭንቀታቸው በግልጽ ቀንሶ ታይቷል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ግዴታ ገንዘብ ሲሰጥ የምግብ ዋስትናም የመንፈስ ደህንነትም መሻሻሉን ዮሐንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ አሳይተዋል። ሁለቱ አይጣሉም። በእኔ ሚዛን የቡና አገር ሰው የመጀመሪያው የጭንቀት መድኃኒት ቡናውን ዛፍ ላይ እያለ እንዳይሸጥ የሚያደርገው፣ ሰኔ ላይ የሚገኝና ጥቅምት ላይ የሚከፈል ፍትሐዊ ብድር ነው። ይህን ማቅረብ ያለበት ሆስፒታል አይደለም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው።

ይህን የምታነቡ በየቀበሌው ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ነርሶችና መምህራን፣ በክረምት ራሷን ይዛ የመጣች እናት ወይም ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ ልጅ ስታዩ ከምልክቱ ቀጥላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቤት ውስጥ ስንት ቀን የሚያደርስ እህል አለ? ትናንት ማታ መጨረሻ የበላው ማን ነው? መልሱን ከእናትየዋ ብቻ ሳይሆን ከልጅቷም፣ ለየብቻ፣ ስሙት።